ለፈተና ይመጣል ወይ?

ይሄን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ብዙ ቆየሁ፤ ዛሬ ልተንፍሰው። እዚህ ጅማ ማትስ አስተምራለሁ። ስለ አንድ ያልተፈታ የሒሳብ ጥያቄ ባወራሁ ቁጥር ከሰው የማገኘው መልስ አንገሽግሾኛል።

ጥያቄው ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሕፃን ሁሉ ይገባል። አንድ ቁጥር ያዙ። ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት አካፍሉት፣ ኢተጋማሽ ከሆነ በ3 አባዙትና 1 ጨምሩበት። በወጣው ቁጥር ላይ ያንኑ ድገሙ። ከ7 ብትነሱ 22፣ 11፣ 34፣ 17፣ 52፣ 26፣ 13፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እያለ 1 ላይ ያርፋል። ከየትኛውም ቁጥር ብንነሳ መድረሻችን 1 ነው ወይ? በቃ፣ ጥያቄው ይሄው ነው። በጀርመናዊው ሎታር ኮላትዝ ስም ይጠራል። እስከ ዛሬ «አዎ» ብሎ ያረጋገጠ የለም፤ «አይደለም» የሚያሰኝ ቁጥር ያመጣም የለም። ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ፖል ኤርዲሽ ለሚፈታው 500 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ሒሳብ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ገና አልደረሰ ይሆናል ያለውም እሱ ነው።

እንግዲህ ይሄን ለሰው አውሩት። መጀመሪያ የምትሰሙት «ሞከርኩት እኮ፣ ይሠራል!» የሚል ነው። መርካቶ አካባቢ ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ እስከ ሚሊዮን የሚሄድ ፕሮግራም አሳየኝ። ሁሉም 1 ደረሱ። «ታዲያ ምኑ ነው ያልተፈታው?» አለኝ፤ አጠገባችን የነበሩትም ሁሉ ተስማሙለት። እኔ የምናደደው እዚህ ጋ ነው። በኮምፒውተር 295 ብላችሁ ከኋላው 18 ዜሮ ብትደረድሩ እስከሚሆነው ቁጥር ድረስ አንድ በአንድ ተፈትሿል፤ ሁሉም 1 ደርሷል። ሊቃውንቱ ግን አሁንም አልተረጋገጠም ይላሉ። ግትር ሆነው መሰላችሁ? ቡና ነጋዴ ከጆንያው ጨልፎ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል፤ ጆንያው ከላይም ከታችም ስላለቀ ያዋጣዋል። ቁጥር ግን ታች የለውም። የቱንም ያህል ብትጨልፉ ያላያችሁት ይበዛል።

ይሄ ደግሞ የደረሰ ነገር ነው። ጆርጅ ፖልያ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1919 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቁጥሮች አንድ ግምት አቀረበ፦ እስከ ፈለጋችሁት ቁጥር ድረስ ብትቆጥሩ፣ የብቸኛ አካፋዮቻቸው (ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉት አካፋዮች፣ የተደጋገመውም እየተቆጠረ) ብዛት ኢተጋማሽ የሆኑት ቁጥሮች ከግማሽ አያንሱም የሚል። ሰው ሞከረው፣ ሠራ። ብዙ ሞከረው፣ ሠራ። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ሃዝልግሮቭ የተባለ እንግሊዛዊ ግምቱ ስህተት መሆኑን አረጋገጠ። በኋላ ሲፈለግ ግምቱ መጀመሪያ የሚፈርሰው 906,150,257 ላይ ሆኖ ተገኘ። የዚያ ልጅ ስልክ እስከ ሚሊዮን ሄዶ ቢሆን ኖሮ የፖልያንም ግምት «ተፈቷል» ብሎ ያርፍ ነበር።

«በ3 ቢባዛም በየመሃሉ ስለሚካፈል በአማካይ ይቀንሳል፣ መውረዱ አይቀርም» የሚሉኝም አሉ። እነዚህን አከብራቸዋለሁ፣ ቢያንስ አስበዋል። ግን እስቲ 1 መጨመሩን ትታችሁ 1 ቀንሱ። ከ5 ተነሱ፦ 14፣ 7፣ 20፣ 10፣ 5። ተመልሶ 5! እዚያው ሲሽከረከር ይኖራል እንጂ 1 አይደርስም። የተቀየረው አንድ ምልክት ብቻ ነው፣ አማካዩም ያው ነው። ቴረንስ ታኦ፣ የዘመናችን ትልቅ የሒሳብ ሰው፣ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከሞላ ጎደል ሁሉም ቁጥር ከተነሳበት እጅግ ዝቅ ወዳለ ቁጥር እንደሚወርድ አሳየ። ትልቅ ሥራ ነው። እሱ ራሱ ግን ፈታሁት አላለም።

«እኔ ፈትቼዋለሁ፣ እንዳይሰረቅብኝ ግን አላሳይም» የሚሉትን እንለፋቸው። ሽልማቱ ስንት ነው ብለው ወሬውን እዚያው የሚቆርጡትንም እንለፍ። አንዱ ግን አያልፍልኝም፦ «ፈረንጅ ያቃተውን እናንተ ጅማ ቁጭ ብላችሁ?» የሚለው። ወረቀትና እርሳስ የሚበቃውን ጥያቄ ለመሞከር የማን ፈቃድ ነው የሚያስፈልገን? ላብራቶሪ አይጠይቅ፣ ዶላር አይጠይቅ፣ መብራት ቢሄድ እንኳ በሻማ ይሠራል። ከሰው ጋር እኩል የምንቀመጥበት አንድ ጠረጴዛ ቢገኝ እሱንም ራሳችን እንግፋው?

ከሁሉ ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ክፍል የሆነች፣ ሰፈር ውስጥ የማስጠናት ልጅ አለች። ጥያቄውን ነግሬያት ሄድኩ። በሌላ ቀን ስመጣ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። 26ን ይዛ በ10 እርምጃ 1 ደርሳለች። 28 ደግሞ በ18 እርምጃ። መሃል ላይ ያለው 27 ግን ገጹን ሞላው፣ ወደሚቀጥለው ተሻገረ፣ 9,232 ድረስ ወጣና 111 እርምጃ ፈጅቶ ወረደ። አንድ ቦታ የማባዛት ስህተት አግኝታ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ሰርዛ እንደገና ሠርታዋለች። ከዚያ ምን አለችኝ? «ቲቸር፣ 31ን መሥራት አያስፈልገኝም። የ27 መንገድ ላይ አለ።» እውነቷን ነው፤ 27፣ 82፣ 41፣ 124፣ 62፣ 31። ይሄን ማንም አልነገራትም። የአንዱ ቁጥር መንገድ ከሌላው ጋር እንደሚገናኝ አየች፣ አንዱን ሠርቶ ለብዙዎቹ መናገር እንደሚቻልም ገባት። እኔ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

አባቷ ሲገባ ደብተሩን አየው። «ወላሂ ቲቸር፣ አይቀየሙኝና፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል ወይ?» አይመጣም አልኩት። «እንግዲያ የሚመጣውን ያሠሯት» አለ፤ እሷም ደብተሯን አጠፈች።

አባትየውን አልፈርድበትም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ እንደነበሩ እሱም ሰምቷል፣ ፈርቷል። የእኔ ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ ልጆቻችን የሚወድቁት ከፈተናው ውጪ ብዙ ስላሰቡ ነው እንዴ? እስከዚያ ቀን ድረስ ያቺ ልጅ ማንም ሳያዛት የራሷን ስህተት ፈልጋ ስታርም አይቻት አላውቅም። ፎርሙላ ስሰጣት ትሸመድዳለች፣ በሳምንቱ ይጠፋባታል። 27ን ግን ዛሬም ብትጠይቋት በቃሏ እስከ 31 ታደርሳችኋለች።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ያለ ልጅ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ ከመጣ ምን ይጠቅማል አትበሉት። ከየትኛው ቁጥር ተነሳህ፣ ስንት እርምጃ ፈጀብህ፣ የት ድረስ ወጣ በሉት። አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ 97ን ሞክሩ፤ ሁለት ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፣ 118 እርምጃ ነው።