ሮጀር ብራውን በካንተን የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ሊገባ ይገባዋል

ዛሬ የአሜሪካ ፉትቦል በሚመራበት ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ በግንባር መስመር የሚሰለፍ ተጫዋች 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን ማንንም አያስገርምም። ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1960 የዲትሮይት ላየንስን መለያ ሲለብስ ግን እንዲህ ያለ ክብደት ያለው ተጫዋች በሊጉ ውስጥ ብርቅ ነበር።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ባለ 300 ፓውንድ ተጫዋች እየተባለ ይጠራል፤ ይህ ግን መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1954 በዚያው በዲትሮይት የተጫወተው ሌስ ቢንጋማን ከእሱም ይከብድ ነበር። ብራውንን ፈር ቀዳጅ የሚያደርገው ሚዛን ላይ የሚታየው ቁጥር ሳይሆን፣ ያን ክብደትና 196 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁመት ይዞ የተጋጣሚን ኳስ ወርዋሪ፣ ኳርተርባኩን፣ እየሮጠ መያዝ መቻሉ ነው። ዛሬ አሰልጣኞች ከመከላከያ መስመር ተጫዋች የሚፈልጉት ይህንኑ ግዝፈትና ፍጥነት አንድ ላይ ነው።

የተገኘው ከታወቁት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይሆን፣ ጥቁር ተማሪዎች ይማሩበት ከነበረው ከትንሹ ሜሪላንድ ስቴት ኮሌጅ ነበር። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት ዲትሮይት በአራተኛው ዙር መረጠው።

ስለ ችሎታው መመስከር ካስፈለገ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1962 የተደረገው የምስጋና ቀን ጨዋታ ይበቃል። በቪንስ ሎምባርዲ የሚሠለጥነው ግሪን ቤይ ፓከርስ ወደ ዲትሮይት የመጣው አሥር ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ ነበር። የዲትሮይት ተከላካዮች ግን ከመጀመሪያው ደቂቃዎች ጀምሮ የግንባር መስመሩን ጥሰው እየገቡ ኳርተርባኩን ባርት ስታርን ኳሱን ከመወርወሩ በፊት 11 ጊዜ መሬት ላይ ጣሉት፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የብራውን ሥራ እንደነበሩ ይነገራል። በአንዱ ስታር በራሱ ክልል መጨረሻ ተይዞ በመውደቁ ዲትሮይት ሁለት ነጥብ አገኘ። በሌላው ኳሱ ከስታር እጅ አምልጦ፣ የዲትሮይቱ ሳም ዊሊያምስ አንሥቶ አስቆጠረበት። ለእረፍት ሲወጡ ውጤቱ 23 ለ 0 ነበር፤ ጨዋታው 26 ለ 14 አለቀ። ግሪን ቤይ በዚያ ዓመት 13 ጨዋታዎችን አሸንፎ በመጨረሻም ዋንጫውን ሲወስድ የተሸነፈው በዚህ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ከሎምባርዲ ቡድኖች ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱን እንዲህ ያሸነፈ መከላከያ፣ በመካከሉ የነበረው ሰው ሊረሳ አይገባም እላለሁ።

የተረሳበት ዋነኛ ምክንያት የመዝገብ ጉድለት ይመስለኛል። ሊጉ ሳክ የሚባለውን፣ ኳርተርባክን ኳስ ሳይወረውር የመጣልን ተግባር፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በይፋ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ብራውን ጫማውን የሰቀለው በ1969 ስለሆነ በይፋዊው መዝገብ ላይ የተቆጠረለት አንድም ሳክ የለም። የዝና አዳራሹ መራጮች የተጫዋችን ሥራ በቁጥር በሚመዝኑበት ዘመን ይህ ትልቅ በደል ነው፤ የበደሉም ባለቤት ያልቆጠረው ሊግ እንጂ ያልተቆጠረለት ተጫዋች አይደለም።

ከ1962 እስከ 1967 ድረስ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት ለምርጦች ጨዋታ ለፕሮ ቦውል ተመርጧል። በ1967 ሮዚ ግሪር ሲጎዳ ሎስ አንጀለስ ራምስ እሱን የሚተካ ሰው ብሎ ያመጣው ብራውንን ነበር፤ በዚያም ከዲከን ጆንስና ከመርሊን ኦልሰን ጎን ተሰልፎ ተጫወተ። ሁለቱም በኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ በሚገኘው የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። በዲትሮይት አጠገቡ ይጫወት የነበረው አሌክስ ካራስም ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ገብቷል። አብረውት የተሰለፉት እነዚህ ሦስቱ ታላላቆች ተብለው እሱ በውጭ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ በ2009 ብራውን በሕይወት እያለ አክብሮታል። እሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በ84 ዓመቱ አርፏል። በካንተን ቀደምት ተጫዋቾችን የሚያጣራው ኮሚቴ የጨዋታ ፊልሞችንና በአጠገቡ የተጫወቱትን ሰዎች ምስክርነት መሠረት አድርጎ ስሙን ለመራጮች ሊያቀርብ ይገባል፤ ይህንንም ፊቱ የቆሙትና ዛሬ በእርጅና ላይ ያሉት የዚያ ዘመን ተጫዋቾች መናገር በሚችሉበት ጊዜ ሊያደርገው ይገባል።