ክርክር፦ ለኮምፓውንድ ደጋን ጀማሪ ምላጭ ያለው ሪሊዝ ወይስ ሂንጅ?

ኮምፓውንድ ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው፣ ተጎትቶ ሲያልቅ ለመያዝ የሚቀል ደጋን ነው። አብዛኛው የኮምፓውንድ ተኳሽ አውታሩን በባዶ ጣቱ አይስብም። ሪሊዝ በሚባል ትንሽ መሣሪያ ይዞ ይለቅቃል። ጀማሪ በየትኛው ይጀምር? አንጓ ላይ ታስሮ በሌባ ጣት ምላጩ በሚሳበው? ወይስ በመዳፍ በሚያዘው፣ ምላጭ በሌለው ሂንጅ?

አንደኛዋ ተከራካሪ፦ እኔ ባለ ምላጩን እመርጣለሁ። ማሰሪያው አንጓ ላይ ስለሆነ ጣቶች አይደክሙም። ከእጅም አይወድቅም። ሂንጅ ግን የሚለቅቀው ሲዞር ነው። ጀማሪው እየጎተተ ሳለ እጁ ትንሽ ከዞረ አውታሩ መሃል መንገድ ላይ ያመልጣል፤ እጁ ተወንጭፎ የራሱን አፍ ይመታል።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ እህቴ ያሉት እውነት ነው፤ የእኔም ከንፈር አብጦ ያውቃል። ለዚህ ነው ሂንጅን መጀመሪያ በደጋን ሳይሆን በገመድ የሚለማመዱት። ሲጎትቱ እጅዎ በሚደርስበት ልክ የታሰረ ገመድ ይበቃል። እየጎተቱ ሳለ ኃይሉ ሌባ ጣት ላይ ይሁን። እጅዎ አገጭ ጋ ሲያርፍ ሌባ ጣትን ቀስ አድርገው ያላሉ፤ ክብደቱ ወደ መሃልና ቀለበት ጣት ይለፍ። መሣሪያው ይዞራል። የሚለቅቅበትን ቅጽበት አያውቁትም፤ ቁም ነገሩም እሱ ነው።

ባለ ምላጩ ግን ያውቀዋል። ማነጣጠሪያው የዒላማው መሃል፣ ቢጫው ላይ ብልጭ ሲል «አሁን!» ብሎ ምላጩን ይመታዋል። ትከሻው ይሸማቀቃል፣ ፍላጻው ይስታል። ሲደጋገም ወደ ፍርሃት ይለወጣል፤ ቢጫው ጋ ሳይደርስ እጁ ድርቅ ይላል። ታርጌት ፓኒክ የሚሉት ይህንኑ ነው። እሱን ማስለቀቅ አሳር ነው።

አንደኛዋ፦ ልማዱ የጣቱ እንጂ የምላጩ አይደለም፣ ወንድሜ። የማሰሪያውን ርዝመት ያስተካክሉ፤ ምላጩ በጣት ጫፍ ሳይሆን መታጠፊያው ላይ ይረፍ። ጣቱን እንደ መንጠቆ አጥፈው ይተዉት። ከዚያ ክርንዎን በጀርባ ጡንቻ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ጣቱ አብሮ ይሄዳል። ምላጩንም ጠንከር ያድርጉት። ገና ሲነኩት የሚለቅቅ ምላጭ ሰው ያስበረግጋል። ደግሞም ጊዜ አለ። የ60 ፓውንድ ደጋን 80 በመቶ ካቀለለ፣ ተጎትቶ ሲያልቅ የሚያዘው 12 ፓውንድ ብቻ ነው። ምን ያስቸኩላል?

ሁለተኛው፦ ቢጫው ያስቸኩላል። ለዚህ ነው ጀማሪን ወረቀት ያልተለጠፈበት ዒላማ ፊት፣ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ የማቆመው። ያኔም እጁ ላይ የማስይዘው ሂንጅ ነው።