ምሰሶው ይቁም፣ ግድግዳው ይነቀል

በስደተኞች ካምፕ የማኅበረሰብ አዳራሽ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፕሮጀክት በጀት ነው። ለክትባት ወይም ለሥልጠና ተብሎ ይገነባል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በሩ ይቆለፋል። ክፍሎቹ ለዚያ ሥራ ብቻ ስለተከፋፈሉ ተከታዩ ድርጅት ከጎኑ ሌላ ያስገነባል። መሬት ግን የለም። የእርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት የስፌር ሰብዓዊ መመዘኛ በካምፕ ውስጥ መንገዱንና የጋራ መገልገያውን ጨምሮ ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር ይላል፤ በተጨናነቁ ካምፖች ይህ የሚታሰብ አይደለም። አንዳንዴ አዳራሹ ባዶ ቦታ መስሎ በታየው፣ እሳት እንዳይዛመት ሆን ተብሎ በተተወ ክፍተት ላይ ይቆማል፤ ይህ ደግሞ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ኬንያ ውስጥ ዳዳብ ከ1991፣ ካኩማ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ይኖርባቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራ ቤት ከአሥር ዓመት በኋላ ለምን እንደሚውል ዛሬ መወሰን አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ በመሠረት፣ በምሰሶና በጣሪያ ላይ ይዋል። ግድግዳው ጣሪያ የማይሸከም፣ ተነቅሎ የሚተከል ይሁን።

ለምሳሌ 6 ሜትር ወርድና 18 ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሽ እንውሰድ። ምሰሶዎቹ በግራና በቀኝ በየ3 ሜትሩ ይቆማሉ፤ መሐል ላይ ምንም ምሰሶ አይኖርም። ስድስት እኩል ክፍተቶች ይወጡታል፤ የሁለቱ ስፋት 36 ካሬ ሜትር ነው፣ አንድ ክፍል ይሆናል። መከፋፈያዎቹ 1.5 ሜትር ወርድ ቢኖራቸው ሁለት ሰው ያነሳቸዋል። ሁሉም በአንድ ፎርማ መሠራት አለባቸው። አምስት ሴንቲ ሜትር የሚበላለጡ ከሆነ ሌላ ቦታ አይገጥሙም፤ ከዚያ በኋላ የሚነካቸው የለም።

ማያያዣው ሚስማር አይሁን። ሚስማር ሁለቴ ከተነቀለ እንጨቱ ይሰነጠቃል። 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይበቃል። ቀርከሃ ከሆነ ቀዳዳው በመሰርሰሪያ፣ ከአንጓው አጠገብ ይበሳ። ያልታከመ ቀርከሃ በአጭር ጊዜ ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውህድ መነከር አለበት። ውህዱ በዝናብ ስለሚታጠብ የጣሪያው ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ይውጣ፣ የምሰሶውም እግር ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በኮንክሪት መቆሚያ ላይ ይረፍ። ቤቱ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያነሳዋል፤ መቆሚያው በደንብ ይቀበር፣ ጣሪያውም ከምሰሶው ጋር በብረት ይታሰር።

በካምፕ ውስጥ ቋሚ ግንባታ አይፈቀድም እየተባለ የሚቀርበው ምክንያት አያሳምንም። ከ2017 እ.ኤ.አ. በኋላ ከማይናማር የሸሹ ሮሂንጃዎች በተጠለሉበት ባንግላዴሽ፣ ኮክስ ባዛር፣ በዚሁ ክልከላ ውስጥ በቀርከሃ የተሠሩ የማኅበረሰብ ቦታዎች በ2022 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝተዋል።

ከሁሉ የሚዘነጋው ድምፅ ነው። መከፋፈያ ዓይንን ይከልላል እንጂ ወሬን አያስቀርም። ጥቃት የደረሰባት ሴት የምትናገረውን ከጎን ባለው ክፍል ለሥልጠና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሊሰማ አይገባም። ለምክር አገልግሎት ተነጥሎ የቆመ ትንሽ ክፍል ይሠራ፤ በሩም ወደ እርዳታ ማደያው ሰልፍ አይዙር፣ ማን እንደገባች ይታያልና። የቆርቆሮ ጣሪያም በዝናብ ጊዜ ትምህርት ያቋርጣል። ከሥሩ የተጠለፈ የቀርከሃ ኮርኒስ ጩኸቱን ይቀንሳል፤ ሙቀት እንዲወጣ ግን ከላይ ክፍተት ይተውለት።

ወለሉ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር በ1 ለ12 ተዳፋት 4.8 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል። ይህ በፕላኑ ላይ ከመጀመሪያው ካልተያዘ፣ በኋላ ቦታው የጎርፍ ቦይ ሆኖ ይገኛል።

ከስድስቱ ክፍተቶች አንዱ መጋዘን ይሁን። ማገዶ በጠፋበት ካምፕ ውጭ የተቀመጠ መከፋፈያ አያድርም፤ ልጆቿን ለማብላት የምታነደው እናት ላይም መፍረድ አይቻልም። የበሩን ቁልፍ ሴቶችም ያሉበት የነዋሪዎች ኮሚቴ ይያዝ። የድርጅት ሠራተኞች ከመምሸቱ በፊት ካምፑን ለቀው ይወጣሉ፤ ሰው ለለቅሶም ለስብሰባም የሚፈልገው ደግሞ ማታ ነው።

ለጋሾች በውሉ ላይ አንድ ነገር ያስጽፉ፦ ከርክክቡ በፊት ነዋሪዎቹ ራሳቸው በመፍቻ ብቻ አንዱን ክፍል አፍርሰው ሌላ ቦታ ይግጠሙት። በግማሽ ቀን ካልተቻለ ሥራ ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን ሳይቀበል ያስተካክል።