በ45 ዓመታችሁ ለምታረጁ

ወገኖቼ፣ አንድ ክፉ አመል አለብን። ሽበት ሳይወጣን እናረጃለን። መንጃ ፈቃድ አውጣ ሲሉት፣ ኮምፒውተር ተማሪ ሲሏት፣ «ኧረ እኔ አሁን ጭንቅላቴ አይቀበልም» የሚል የ45 ዓመት ሰው በየቤቱ ሞልቷል። ከዚያ «ካረጁ አይበጁ» ትሉና ሻያችሁን ታዛላችሁ። እኔም ብዬው አውቃለሁ፤ ቁጣው ለኔም ነው።

ማን ነገራችሁ? አእምሮ በዕድሜ መለወጡ እውነት ነው። ፍጥነት ይቀንሳል፤ መቀነስ የሚጀምረው ግን ገና በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ነው። የሰው ስም ምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል። ሆኖም ሁሉም ችሎታ አብሮ አይወርድም። የቃላት ዕውቀት እስከ 60ዎቹ ድረስ ሲጨምር ይታያል። ሬይመንድ ካቴል የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ አይቶታል። አንዱ አዲስ እንቆቅልሽ የምንፈታበት ቅልጥፍና ነው። ሌላው በኑሮና በትምህርት የሚጠራቀመው ነው። የመጀመሪያው ሲሳሳ ሁለተኛው ገና ይደልባል።

ለዚህ እንኳ ፈረንጅ ባላስፈለገን። ቅኔ ቤት ሂዱ። ልጁ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ ጉባኤ ቃናውን፣ ባለ ሁለት ቤቷን አጭር ቅኔ፣ ያቀርባል። ትኩስ ነው፣ ፈጣን ነው። የኔታ አንዴ ሰምተው ሰሙና ወርቁ የት ላይ እንደተጣሉ ይነግሩታል። እሳቸው ስንት ቅኔ ሰምተዋል!

ፈጠራም አንድ ወቅት ብቻ የለውም፤ በልግም መኸርም አለው። አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠሩት 30 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ 50ን አልፈው ነበር። «የልምዣት» የመጣው ከዚያም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። እሳቸው «ጊዜው አለፈብኝ» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ሰብለ ወንጌልን ማን ያውቃት ነበር?

ደግሞ «ይሄ ስልክ ለኔ ዕድሜ አይሆንም» የምትሉት አላችሁ። የያዛችሁት ስልክ የሚሠራበትን የሊቲየም ባትሪ መንገድ ካስያዙት አንዱ ጆን ጉድኢናፍ ናቸው። በፈረንጆች 1980 ያንን ሲሠሩ 60 ሊደፍኑ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የእንግሊዝ የጡረታ ደንብ ሲመጣባቸው ወደ ቴክሳስ ሄደው ሥራቸውን ቀጠሉ። ኖቤል ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር። እኛ በ60 ጡረታ የወጣውን ጋቢ አልብሰን ፎቶ እንነሳና ሰውየው ከነዕውቀቱ በበር ይወጣል። በማግስቱ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻስ ረሳችሁት? አያቶቻችን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። አሁን አሜሪካ ያላችሁ ልጆቻቸው ደግሞ እናታችሁን አስመጥታችሁ ሕፃን ታስጠብቃላችሁ። ትምህርት ቤት ልሂድ ስትል «አንቺ አሁን እንግሊዝኛ ምን ያደርግልሻል» ትሏታላችሁ። ነውር ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ጃጀች» የምትሏት ቃል ናት። እናት መርሳት ስትጀምር «እርጅና ነው» ብሎ መተው ምን ማለት ነው? የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሳይቀር ሰውን ያስረሳል። ብዙው ይታከማል። የማይድነው የመርሳት በሽታም ቢሆን በሽታ እንጂ ዕድሜ አይደለም። ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

እኛ ቤት አክስቴ አንድ ሲሏት ሌላ መመለስ ስትጀምር «ጃጀች» አልን። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷ ተቀምጠን ስለ እሷ አወራን። ኋላ ሲታይ ጆሮዋ ነው። የመስሚያ መሣሪያው የተደረገላት ዕለት ማታ ሳሎን ተቀምጣ ትንሽ አዳመጠችን። ከዚያ «እስከ ዛሬ ይሄን ነበር የምታወሩት?» አለች።