ከቢሮ የተለካ 25 ኪሎ ሜትር

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ አንድ የነዋሪዎች ውይይት ከመድረክ የተሰጠው መልስ እስካሁን አልተዋጠልኝም። ከቦሩ ሜዳና ከኩታበር መንገድ የመጡ ወላጆች በአካባቢያቸው የሙያ ማሰልጠኛ እንዲከፈት ጠየቁ። ከሥራ ኃላፊዎቹ አንዱ ማይኩን ተቀብለው፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ኮሌጅ እንዳለ፣ እዚያ የማይሰጥ ዘርፍ የፈለገም 25 ኪሎ ሜትር ወርዶ ኮምቦልቻ መማር እንደሚችል አስረዱ። እዚህ ድረስ እንኳ ግድ የለም። ቀጥለው ግን፣ ይህችን ታህል መንገድ ሄዶ መማር የሰነፈ ወጣት ደጃፉ ላይ ቢከፈትለትም አይማርም አሉ። ተጨበጨበ። ካጨበጨቡት መካከል በዚያ መንገድ ልጁን የሚልክ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ለመሆኑ 25 ኪሎ ሜትር የሚባለው ከየት ተነስቶ ነው? ከደሴ መሀል፣ ማለትም ከኃላፊው ቢሮ ተነስቶ ነው። ቦሩ ሜዳ ያለ ልጅ ደሴ ለመግባት ብቻ ወደ 10 ኪሎ ሜትር አለበት። የኩታበሩ ደግሞ ወደ 20። ለእነሱ ኮምቦልቻ ማለት 35 እና 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ 70 እና 90፣ ያውም በየቀኑ። መኪና በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ሰው ይህ ሁሉ ተራ ቁጥር ነው።

ጉዞውን የማያውቁ ካሉ ላስረዳ። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ አስፋልት ዳር ይቆማል። ከኩታበር የሚመጣው ሚኒባስ ጢም ብሎ ስለሚመጣ አንዱ ያልፈዋል፣ ሁለተኛውም ያልፈዋል፤ ከዚያ የተገኘው ላይ ተጠቅጥቆ ደሴ ይገባል። እስከ መናኸሪያ በባጃጅ፣ ሳንቲም ካጠረው በእግሩ። የኮምቦልቻው መኪና ሳይሞላ አይነቃነቅም። ረዳቱ ሁለት ሰው የቀረው እያለ ይጮኻል፤ የቀሩት ሁለት ሰዎች ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። ቀጥሎ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ሀረጎ ነው። ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት፣ ጥምዝምዙ፣ ከፊት እያቃሰተ የሚወጣው ተሳቢ፣ ክረምት ላይ ደግሞ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ የማያሳየው ጉም። ኮምቦልቻ ሲወርድ እንደገና ሌላ ባጃጅ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የወርክሾፑ በር ሲከፈት ይህ ልጅ የቀኑን ጉልበት ግማሽ ጨርሷል። ከዘገየም እንደ ዘገየ ይጻፍበታል እንጂ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው የለም።

ይህን ያወራሁት ስለ ደህናው ቀን ነው። ነዳጅ የጠፋ ቀን ሚኒባሱ ማደያ ተሰልፎ ይውላል። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ (ለምን እንደሚዘጋ ለዚህ አገር አንባቢ አላስረዳም) ልጁ ቤቱ ይውላል፤ አንዳንዴም ሄዶ ኮምቦልቻ ይቀራል። የሙያ ስልጠና ደግሞ የጓደኛ ደብተር ተውሶ የሚካካስ ትምህርት አይደለም። በእጁ ያልበየደውን ብየዳ ማንም ሊገለብጥለት አይችልም። ሞተር ሲፈታ ያልነበረ ሰልጣኝ ሞተሩ ተገጥሞ ነው የሚያገኘው። እንዲህ እየተቆራረጠ የሰለጠነ ልጅ የብቃት ምዘናው ቀን ሲመጣ ይወድቃል፤ ከዚያም በሪፖርት ላይ ፍላጎት የሌለው ሰልጣኝ ሆኖ ይቆጠራል። ሪፖርቱን የሚያነቡት ደግሞ እኚሁ ኃላፊ ናቸው። ወጣቱ ሰነፍ ነው የሚለው እምነት የተፈለፈለው እዚህ ነው ባይ ነኝ።

ወጪውንም እናስላው። ሁለት ሚኒባስና ሁለት ባጃጅ፣ ደርሶ መልስ ስምንት ጊዜ ኪስ መዳበስ ነው። ባጃጁን በእግሩ ቢተካው እንኳ አራት። የስልጠናው ክፍያ የቱንም ያህል ዝቅ ቢል ትራንስፖርቱ ጥሎት ይሄዳል። ኮምቦልቻ ቤት ተከራይተው ይማሩ ያሉም አልጠፉም። ስለ ኮምቦልቻ ኪራይ የሰሙ አይመስሉም። ደግሞስ በቀን ሥራ ቤተሰብ የሚደግፍ ልጅ ኪራዩን ቢችል፣ ትቶት የሄደውን ገቢ ማን ይተካለታል?

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታሉ አካባቢ ሻይ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። 12ኛ ክፍልን ተፈትና አልመጣላትም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብርጭቆ ታጥባለች፣ ጀበና ትጥዳለች፣ ለአስታማሚ ሻይ በፔርሙዝ ታመላልሳለች። ከሰዓት በኋላ ነፃ ናት። መማር የምትፈልገው የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። የሻይ ቤቱ ምድጃ ገመድ ሲቃጠል ቢላዋ በላስቲክ ጠቅልላ የምትፈታው እሷ ናት፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬም ኤሌክትሪሺያን መጥራት ከተዉ ቆይተዋል። ይህች ልጅ 7 ሰዓት ላይ ሽርጧን አውልቃ ብትነሳ ኮምቦልቻ የምትደርሰው ኮሌጁ ሊዘጋ ሲል ነው። የማታ ፕሮግራም ቢኖርስ? ማታ ሀረጎን የሚያወጣት መኪና ከየት ይመጣል? ቢመጣስ የየትኛዋ እናት ልብ ይችለዋል? ስንፍናዋን የሚያሳየኝ ሰው ካለ ሻይ ቤቱ ድረስ ይዤው ልሂድ።

እንዲህ ያለው ወጣት ደግሞ ጥቂት አይደለም። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ ተሻሽሎ ተሻሽሎ በ2017 8.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ የዩኒቨርሲቲ በር ተዘግቶበታል ማለት ነው። ያላለፉትን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያሉ፣ የተወሰኑትን ወሰደ፤ የቀሩትስ? የወሎ ልጅ ያውም በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ዩኒቨርሲቲውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም ሳይቀር ሲዘረፍ ቤቱ ተቀምጦ ከርሞ የተፈተነ ነው። ውጤት በወጣ ቁጥር ከላይ የምንሰማው ምክር አንድ ነው፦ ቴክኒክና ሙያ ግቡ። እንግባ ሲሉ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ተመላለሱ ይባላሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

ከመድረኩ ከተነሳው አንዱን ብቻ እቀበላለሁ፤ ያሉት ኮሌጆች ራሳቸው በአንዳንድ ዘርፍ ሰልጣኝ አልሞላቸውም። ይሁን። ግን ሰልጣኙ የቀረው ያለው ኮሌጅ በቂ ስለሆነለት ነው? ኮሌጁ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው የሚከፈተው፤ ድሃው ደግሞ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ወንበሩ ባዶ የሆነውም የሻይ ቤቷ ልጅ ያልመጣችውም በዚሁ በአንድ ምክንያት ነው። ባዶውን ወንበር አስረጅ አድርጎ ሌላ አያስፈልግም ማለት አሳፋሪ ድፍረት ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ራሱ ተዳክሞ ሰልጥነው የት ሊቀጠሩ ነው የሚል ጥያቄም ተነስቷል። የኮምቦልቻው ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የተወራለትን ያህል እንዳልሄደ፣ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ፣ መውጣታችንም እንደጎዳው የታወቀ ነው። ሙያ ማለት የፓርክ ቅጥር ማለት ነው ያለው ግን ማነው? ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ ስትሄዱ ግራ ቀኙን እዩት። በማኅበር ቦታ የወሰደው፣ የደሴ ኪራይ ገፍቶ ያስወጣው፣ ዘመድ ከዐረብ አገር ብር የላከለት፣ ሁሉም እየገነባ ነው። መብራት የሚዘረጋለት ከደሴ ይመጣል። የብረት በሩን የሚበይድለት፣ ቧንቧ የሚገጥምለት፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍለትም እንደዚሁ። የሰፈሩ ልጅ ብሎኬት ያቀብላል። በቅርቡ የገባሁበት አንድ አዲስ ቤት ውስጥ መብራቱ ሲበራ የኩሽናው ቧንቧ ሰው ይነዝራል። ባለቤቱ እየሳቁ መጀመሪያ መብራቱን አጥፉ፣ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ ይላሉ። ገመዱን የዘረጋው ሰው ሥራውን የተማረው በማየት ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን የሚገኘው እሱ ስለሆነ ነው የቀጠሩት። ሥራው እዚያው ሰፈር ውስጥ ባለሙያ ፍለጋ እየዞረ ነው፤ የባጃጅ ጥገናውን፣ የሮቶ ተከላውን፣ የልብስ ስፌቱን ሳልቆጥር።

ወላጆቹ የጠየቁት ደግሞ ሪባን የሚቆረጥለት ባለ አራት ፎቅ አይደለም። በደንብ አዳምጫቸዋለሁ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ማታና ቅዳሜ ክፍሉ ተቆልፎ ይውላል። ሁለት ሦስት ክፍል፣ ለብየዳው በቆርቆሮ የተከደነ አንድ መጠለያ፣ የተወሰኑ ማሽኖች፣ መተማመኛ ያለው መብራት። አሰልጣኙ ካሉት ኮሌጆች በተራ ይመጣል። ሠላሳ ልጅ በየቀኑ ሀረጎን ከሚወርድ አንድ አሰልጣኝ ኩታበርን ቢወጣ ምን ይጎድላል? አበል ቢከፈለው፣ መኪና ቢመደብለት እንኳ የሠላሳዎቹን ትራንስፖርት አያህልም። ደረጃ 1 እና 2ን እዚያው ይጨርሱ፤ ከዚያ በላይ የሄደ፣ እጁ ገንዘብ መያዝ ስለሚጀምር፣ ዋናው ኮሌጅ ድረስ የሚሄድበትን አያጣም። ኮሌጆቹ አጫጭር ስልጠና መስጠት ያውቁበታል፤ አዲስ ሕግ የሚያስፈልገው ነገር የለም።

በጀት የለም ቢባል አንድ ነገር ነው፤ ቁጭ ብለን እንከራከርበታለን። ያን ቀን ግን ስለ በጀት የተነሳ አንድ ቃል አልነበረም። ከሩቅ መጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ልጆቻችን ሙያ ይማሩልን ያሉ እናቶችና አባቶች ልጆቻችሁ ሰነፎች ናቸው ተብለው ነው የተሸኙት። ከእነዚህ መካከል ጠዋት ቤታቸው የተደረገውን ዱዓ ወይም ጸሎት ይዘው የመጡ አሉ። ሽማግሌው በምርቃት የከፈቱት ስብሰባ በስድብ ተዘጋ።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የማሰልጠኛው ጉዳይ በዕቅድ ተይዞ እንደሆነ የትኛው ትምህርት ቤት፣ ስንት ክፍል፣ ከየትኛው ኮሌጅ ስንት አሰልጣኝ፣ ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት የሚለው ተጽፎ ለወላጆቹ ይሰጣቸው። ካልተያዘም ገንዘብ አጣን ተብሎ ይነገራቸው፤ እሱን ብዙ ጊዜ ሰምተው ችለውታል።