እርማት፦ ብስክሌት በግራ ጠርዝ አይነዳም

በሱሉልታ መንገድ ብስክሌት ለሚነዱ ልጆች ብዙዎቻችሁ «መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ በግራ ቢነዱ ይሻላል» ብላችኋል። ከቅንነት መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ይህ የእግረኛ ምክር ነው። ብስክሌት በቀኝ ጠርዝ፣ ከመኪኖች ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው የሚነዳው።

ራሳችሁ አስሉት። መኪናው በሰዓት 60፣ ብስክሌቱ 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ መኪናው ከኋላ ሲመጣ በ40 ይቀርባል፤ ፊት ለፊት ሲሆን ግን በ80። ሾፌሩ ፍሬን ለመያዝ ያለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

የባሰው መገንጠያ ላይ ነው። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር በአብዛኛው የሚያየው መኪና የሚመጣበትን ግራውን ነው፤ ቆማችሁ የሾፌሮቹን አንገት ተመልከቱ። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳው ልጅ ደግሞ ከቀኙ ይመጣበታል፣ ሳያየው ይገጨዋል። እባካችሁ፣ ይህን የመከራችኋቸው ልጆች ካሉ ዛሬውኑ ንገሯቸው።