ሕጉ ሲቀየር የተከፈተ መዝገብ ለምን ይዘጋ?

እንግሊዝ አገር ዘመድ የሞተበት ሐበሻ ኮሮነር የሚባለውን ዳኛ ሳይወድ ያውቀዋል። ለቅሶ ተቀምጦ፣ ማኅበሩ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቲኬት ተቆርጦ እንኳ የኮሮነሩ ወረቀት ካልወጣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት አይላክም። የኮሮነር ዋና ሥራ ግን ወረቀት መስጠት አይደለም። ሰው በድንገት፣ በግድያ ወይም በፖሊስ እጅ ሲሞት ሟቹ ማን ነው፣ መቼ፣ የትና እንዴት ሞተ ብሎ በችሎት ይመረምራል። ማንንም አይቀጣም። የደረሰበትን ግን በአደባባይ ይናገራል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ምርመራ ተጀምሮ ሳያልቅ ሕጉ ቢለወጥስ? ብሪታንያ ለዚህ ጥያቄ በ2013 እና በ2024 ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጥታለች (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። የመጀመሪያው ደህና ነበር። ሁለተኛው በእኔ እምነት ነውር ነው።

በደህናው ልጀምር። እንግሊዝና ዌልስ የ1988ቱን የኮሮነሮች ሕግ የሚተካ አዲስ ሕግ በ2009 አወጡ። የኮሮነሮቹ ክፍል ሥራ ላይ የዋለው ግን ሐምሌ 25 ቀን 2013 ነው። ያን ቀን በየችሎቱ በእንጥልጥል ላይ ያሉ መዝገቦች ነበሩ። አብሮ የወጣው ደንብ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፦ እስከዚያ ቀን ያላለቀ ምርመራ ሁሉ በአዲሱ ደንብ ይመራል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ትእዛዝ፣ ቀጠሮና ውሳኔ እንደጸና ይቆያል። አለቀ። በሰኔ ዳኛው «ይህ ምስክር ይቅረብ» ብሎ ከነበረ ምስክሩ በመስከረምም ይቀርባል። ቤተሰቡ «ሕጉ ተቀይሯልና እንደገና ከሀ ጀምሩ» አይባልም።

የሂልስቦሮን ጉዳይ እዩ። በ1989 ሼፊልድ ከተማ በሚገኘው የሂልስቦሮ ስታዲየም ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ተጨፍልቀው አለቁ። የመጀመሪያው ምርመራ በ1991 «በአደጋ ሞቱ» ብሎ ተዘጋ። ቤተሰቦቹ አርፈው አልተቀመጡም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2012 ውጤቱን ሲሽረው አሮጌው ሕግ ገና በሥራ ላይ ነበር። አዲሱ ችሎት በመጋቢት 2014 ሲቀመጥ ደግሞ ሕጉ ተቀይሯል። መዝገቡ ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ ማንም መንገድ ላይ አልቀረም። በሚያዝያ 2016 ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች) 96ቱም ሰዎች የሞቱት በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለው ነው አለ።

የእኛም ሕግ አዋቂዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። መብትን የሚነካ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፣ የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይሠራል ይላሉ። አዋጆቻችን ላይ መጨረሻ አካባቢ የምትገኘው የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ለዚህ ነው የምትጻፈው። ማንም አያነባትም፣ ጉዳዩ የራሱ እስኪሆን ድረስ።

አሁን ወደ ሰሜን አየርላንድ። እዚያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በቆየው ግጭት የተገደሉ ሰዎች መዝገብ ገና አላለቀም። በመስከረም 2023 የወጣው ሕግ፣ የዚያ ዘመን የአሟሟት ምርመራ እስከ ግንቦት 1 ቀን 2024 ካላለቀ ይቁም አለ። ማስረጃው ሁሉ ተሰምቶ የቀረው ውሳኔ መስጠት ብቻ ከሆነ ይቀጥላል። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ በዚያው ሕግ ወደተቋቋመ አንድ ኮሚሽን ይሂድ ተባለ። ኮሚሽን ደግሞ ኮሮነር አይደለም። ቤተሰብ ጠበቃ ይዞ ምስክሩን ፊት ለፊት የሚጠይቅበትን ችሎት አይተካም።

እንግዲህ ዕጣ ፈንታውን ተመልከቱ። በ1976 ኪንግስሚል ላይ የተገደሉት የ10 ሠራተኞች መዝገብ በሚያዝያ 2024፣ ቀነ ገደቡ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ውሳኔ አገኘ። በ1992 ክሎኖ ላይ የብሪታንያ ወታደሮች አራት የአይአርኤ (የብሪታንያን አገዛዝ በመሣሪያ ይዋጋ የነበረው ቡድን) ሰዎችን የገደሉበት መዝገብ ማስረጃው አስቀድሞ ስላለቀ ተረፈ። በየካቲት 2025 ዳኛው የተወሰደው የኃይል እርምጃ አግባብ አልነበረም አለ። ምስክር ያልጨረሰው ቤተሰብስ? ጥፋቱ ምንድን ነው? ወረፋው አልደረሰውም፣ በቃ።

ደሜን የሚያፈላው ግን ወረፋው አይደለም፤ ወረፋውን ማን እንዳረዘመው ነው። እነዚህ ምርመራዎች የተጓተቱት በዋናነት ሰነዱ በመንግሥት እጅ ስላለ ነው። ፖሊስና መከላከያ ሚኒስቴር ሰነድ ይሰጣሉ፣ ያዘገያሉ፣ «የአገር ደኅንነት ነው» ብለው በጥቁር ቀለም ይሸፍናሉ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ገና በግንቦት 2001 ብሪታንያን በዚሁ መጓተት ጥፋተኛ ብሏታል። በ1997 የተገደለ አንድ የስፖርት ክለብ ሊቀ መንበር መዝገብ ላይ ደግሞ ዳኛው በመጋቢት 2024 «የተከለከለው መረጃ ካልቀረበ እውነቱን ማውጣት አልችልም» በሚል ምርመራውን አቁሞ ሕዝባዊ አጣሪ እንዲቋቋም ጠየቀ። ሰነዱን የያዘው መንግሥት፣ ያጓተተው መንግሥት፣ ቀነ ገደብ ያወጣውም መንግሥት። ልጅ ቤቱን ቆልፎ እንግዳውን «ለምን ዘገየህ» እንደማለት ነው።

የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉት አላቸው። ምስክሮች አርጅተዋል፣ የቀድሞ ወታደሮች በ70 እና በ80 ዓመታቸው ችሎት ለችሎት መንከራተታቸው ይብቃ ይላሉ። ለሰውየው አዝናለሁ። ግን ይህ ችሎት የሚያስረው ሰው የለም። ደግሞም ያረጁት ወታደሮቹ ብቻ አይደሉም። ባሎቻቸው የተገደሉባቸው ሴቶችም አርጅተዋል፣ ያውም በእነሱ ጥፋት ሳይሆን።

በ2024 የመጣው የሌበር መንግሥት ሕጉን እሽራለሁ ብሎ በጥቅምት 2025 አዲስ ረቂቅ ለፓርላማ አቅርቧል። ረቂቁ የተቋረጡ አንዳንድ ምርመራዎች እንዲቀጥሉ ይፈቅዳል። «አንዳንድ» የምትለዋ ናት የማትጥመኝ። ተጀምሮ የነበረው ወደ ችሎቱ ሲመለስ ገና ችሎት ያልተቀመጠለት ቤተሰብ ሌላ ባለሥልጣን እስኪመዝነው ሊጠብቅ ነው። ለመቀጠል የተፈቀደለትም ቢሆን ከመቋረጡ በፊት ያገኛቸው ትእዛዞች ይጸኑለታል ወይስ ስለ ሰነዶቹ ክርክሩን ከዜሮ ይጀምራል? የእንግሊዙ ደንብ በ2013 ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶታል። የፓርላማው አባላት ያችን ዓረፍተ ነገር ቀድተው ቢያስገቧት ማንም ኩረጃ አይላቸውም።